ቀዩን ጠርሙስ ከመክፈታችን በፊት ሆጃውን እናፍላ

ረመዳን ሲቃረብ የሐረር ሱቆች መልካቸውን ይቀይራሉ። ከሸዋ በር ጀምሮ እስከ ፈረስ መጋላ ድረስ ቴምሩ በካርቶን ይደረደራል፣ የሾርባው እህል በጆንያ አፉን ይከፍታል፣ ዘይትና ዱቄት ፈላጊው ይበዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በመደርደሪያው ላይ አንድ እንግዳ ተጨምሯል፤ የጽጌረዳ ሥዕል የተለጠፈበት ቀይ ሽሮፕ። ሱቅ ውስጥ ባይገኝ እንኳ ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አይጠፋም። ከቀዝቃዛ ወተት ጋር ሲቀላቀል ወተቱን ሮዝ ያደርገዋል፣ ልጆች ይሻሙበታል፣ በእንግዳ ፊትም ያምራል። በስልክ የምናያቸው የኢፍጣር ገበታዎች ሁሉ ይኼው ቀለም ስላላቸው፣ ያለ እሱ የቀረበ ማዕድ የጎደለው የሚመስላቸው ወጣት እናቶች እየበዙ ነው።

ወተትን በመልካም ሽታ ማጀብን አንቃወምም። እንዲያውም ቲርሚዚ ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሲቀርቡልን እንቢ ከማይባሉት ሦስት ነገሮች መካከል ሽቶና ወተት ይገኙበታል። ወተት ራሱ በሱረቱ አን-ነሕል ከአላህ ጸጋዎች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። የጽጌረዳ ውኃም ቢሆን ለሙስሊም ቤት ባዕድ አይደለም፤ ካዕባ ሲታጠብ ከዘምዘም ጋር የሚቀላቀለው የጣኢፍ ጽጌረዳ ነው። ቅሬታችን ሌላ ነው። ሽታውን ከጠርሙስ የምንገዛው፣ ሽታ ያለው የራሳችን ወተት ከምድጃችን ላይ እየተረሳ ባለበት ጊዜ መሆኑ ነው። ሆጃን ማለታችን ነው።

የቀዩ ጠርሙስ ታሪክ በራሱ ክፉ አይደለም። በሕንድ ክፍለ አህጉር ሙስሊሞች የረመዳን ገበታ ላይ የማይጠፋውን ሩህ አፍዛን የቀመሙት፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደልሂ ውስጥ የባህል ሕክምና ይሰጡ የነበሩት ሐኪም ሐፊዝ አብዱልመጂድ ናቸው። የአገራቸው ሙቀት ሰውን ሲያደክም ያዩና ጽጌረዳን ከሌሎች ዕፅዋትና ፍራፍሬዎች ጋር አዋሕደው ማብረጃ አወጡ። ማለትም ሰውየው የአካባቢያቸውን ችግር በአካባቢያቸው ዕውቀት ፈቱ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የረመዳን ምልክት እስከመሆን የደረሰው ቪምቶ ደግሞ፣ ብዙዎቻችን የዓረብ መጠጥ ነው ብንልም፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተፈጠረው በእንግሊዟ ማንቸስተር ከተማ ነው። የሰው ልማድ ከየትም ተነስቶ የትም ይደርሳል፤ በዚህ የሚያፍር የለም። ጥያቄያችን የሌላው ልማድ ሲገባ የእኛው ለምን በዚያው በር ይወጣል የሚል ነው።

ሆጃን ለማያውቁት የሌላ አካባቢ አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንንገራቸው። የሐረር ቡና የሚዘጋጀው በደረቁ ነው። የቀላው ፍሬ ተለቅሞ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ጀንፈል የምንለው እሱ ነው። ጀንፈሉ ሲፈለፈል ቡናው ለብቻ፣ ገለባው ለብቻ ይሆናል። ይህ ገለባ በእኛ አካባቢ አሸር ይባላል። አሸሩ በውኃ በደንብ ይፈላና ወተት ይጨመርበታል፤ እንደየቤቱ ጨው ወይም ስኳር፣ እንደየእጁም ቅመም ይገባበታል። ከቡና ተክል ቅጠል የሚዘጋጀው ደግሞ ቁጢ ነው፤ ቅጠሉ ምጣድ ላይ ጠበስ ይደረግና ተሰባብሮ ይፈላል። ቁጢም ከወተት ጋር ይስማማል። ሁለቱም ከቡናው የተረፈውን ሳይጥሉ የመጠቀም ጥበብ ናቸው።

ይህ ልማድ የትናንት አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ከቆየ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ የሐረር ሰው ምርጡን የቡና ፍሬ ወደ ውጭ እየላከ ራሱ የሚጠጣው ሌላ እንደሆነ መዝግቧል። በእሱ ዘገባ ገለባው የሴቶች መጠጥ ነበር፤ ወንዶቹ ደግሞ ፍሬው ያሞቃል፣ ያደርቃል ብለው ቅጠሉን ጠብሰው፣ ወቅጠው ያፈሉት ነበር። ለጤና እጅግ ጥሩ ነው ብለውም ነግረውታል። እሱ ግን አልጣመውም፤ ከቀጠነ ሰናመኪ ጋር አመሳሰለው። እንግዳ ሰው ነውና ይቅር እንበለው። ምናልባት ወተት ሳይገባበት ሰጥተውት ይሆናል።

በርተን ያጣጣለውን ቅጠል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ እንዲቀርብ ፈቀደ። በ2022 ደግሞ የደረቀውን የቡና ገለባ እንዲሁ ተቀበለ። የኅብረቱ ሕግ ለእንዲህ ያለው ነገር «ከሦስተኛ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ» የሚል ስም አለው፤ ይህም ማለት በሌላ አገር ሕዝብ ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲበላና ሲጠጣ የኖረ መሆኑ ታይቶ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ገለባው ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የቡና ቤቶች «ካስካራ» በሚል የስፓኒሽ ስም ይሸጣል። ትርጉሙ ልጣጭ ነው፤ የእኛው አሸር ማለት ነው። የበርሊን ወጣት ለአንድ ስኒ ካስካራ ገንዘብ ሲከፍል፣ የጁገል ልጅ የአያቱን ሆጃ «የድሮ ሰው መጠጥ» ብሎ ቀይ ሽሮፕ ይጠይቃል።

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። ሽሮፑ የሚወደደው አበባ አበባ ስለሚል ነው አይደል? እስቲ ሆጃ ውስጥ ያለውን እንቁጠር። ብዙዎቻችን ሆጃውም ሻዩም ላይ ጣል የምናደርገው ቅርንፉድ ቅመም ብቻ ይመስለናል። ቅርንፉድ ግን ዘርም ሥርም ቅርፊትም አይደለም፤ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው። አንዱን አንስታችሁ በደንብ እዩት፤ ጫፉ ላይ ያለችው ድቡልቡል ያልተከፈተችው አበባ ናት፣ ዙሪያዋን የያዟት አራት ጥርሶች ደግሞ ደጋፊ ቅጠሎቿ ናቸው። ቡናውም እንዲሁ ነው። የቡና ዛፍ ዝናብ ካገኘ በኋላ በነጭ አበባ ሲሸፈን ሽታው ከያስሚን ይቀራረባል፤ አሸሩ የዚያ አበባ ፍሬ ልብስ ነው። ጥሩ አሸር ሲፈላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ የደረቀ ፍራፍሬና የአበባ ማር የሚያስታውሰው ያለምክንያት አይደለም። ስለዚህ በሐረር ቤት ወተት በአበባ ማጣፈጥ አዲስ ፋሽን ሳይሆን የተለመደ ሥራ ነበር ማለት ነው፤ ስሙን አበባ ብለን አልጠራነውም እንጂ።

አሠራሩን በደንብ እንጻፈው፤ በየቤቱ «አይ ታውቃለች» እየተባለ እናት ላይ ተጥሎ የቀረ ዕውቀት ነውና።

አሸሩን ስትገዙ እጃችሁን አስገብታችሁ ዝገኑ። ደረቅ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ የሚያደላ መሆን አለበት። የሻጋታ ሽታ ካለው ወይም ነጭ ነገር ከያዘ ርካሽ ቢሆንም ተዉት፤ ሻጋታ የሚያመጣው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ቤት ስታደርሱት አንጓሉትና ድንጋዩንና እንጨቱን ልቀሙ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አለቅልቁ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት እያገላበጣችሁ አሙቁት። ዓላማው ሽታው እንዲነቃ ነው፤ ካጠቆራችሁት መራራ ይሆናል። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ብርጭቆ አሸር በቂ ነው። ከዝንጅብል ቁራጭ፣ ከሦስት ወይም አራት ቅርንፉድና ከተከካ ሄል ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍላ። ውኃው የሻይ ቀለም አልፎ ወደ ቡናማ ሲጠጋ አጥልሉት፤ ግማሽ ሊትር ወተት ጨምሩና አንዴ እስኪገነፍል ድረስ እንደገና አፍሉት። ጨው የምትወዱ መጨረሻ ላይ ቁንጥር ጣሉበት። ቀኑን ሙሉ ላብ ሲያፈስ ለዋለ ሰው ጨው ያለው ሆጃ ከስኳሩ ይልቅ ይስማማዋል፤ ይህ የእኛ ምርጫ ነው፣ የስኳር ወዳጆች አይቆጡን።

ስለ ስኳር ካነሳን አይቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። 25 ግራም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሽሮፕ ስሙ እንደሚናገረው አብዛኛው ስኳር ነው፤ በትልቅ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ አፍስሰን፣ በዚያ ላይ ቴምር፣ በዚያ ላይ የሐረር ሐልዋ ስንጨምር ሒሳቡ የት እንደሚደርስ ማስላት አያቅትም። በየቤቱ የስኳር ሕመም ያለበት አባት ወይም አክስት ባለበት ዘመን ይህን ቀላል ነገር አድርገን ማለፍ አንችልም። ሆጃ ግን ያለ ስኳርም ይጣፍጣል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፤ አሸርም ሆነ ቁጢ እንደ ቡናው ካፌይን አላቸው። ለልጆች ቀጠን አድርጋችሁ ወተቱን አብዙ፣ እርጉዞች ከአንድ ስኒ አይለፉ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁም ከተራዊሕ በኋላ አታብዙት።

«እኛ ግን የጽጌረዳውን ሽታ ወደነዋል» ለምትሉም መልስ አለን፤ በቤታችሁ አውጡት። ሥራው ከባድ አይደለም። በጓሯችሁ የበቀለ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት፣ ሽታው ጠንካራ የሆነ ጽጌረዳ በማለዳ ትለቅማላችሁ። ቅጠሉን ብቻ ነጥላችሁ ታጥባላችሁ። ድስት መሐል ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ከፍ ባለ ነገር ላይ ታስቀምጡና፣ ዙሪያውን የአበባውን ቅጠልና እሱን የሚሸፍን ውኃ ትጨምራላችሁ። ክዳኑን ገልብጣችሁ ትከድኑና በላዩ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ታደርጋላችሁ። በዝቅተኛ እሳት ሲንተከተክ እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ነክቶ ጠብታ ይሆንና ወደ ሳህኑ ይወርዳል። የጽጌረዳ ውኃ ማለት ያ ነው፤ ቀለም የለውም። ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው «የጽጌረዳ ወተት» ስታዩ ቀለሙ ከሌላ ቦታ እንደመጣ ዕወቁ። ለአንድ ሊትር ወተት በሻይ ማንኪያ ጀምሩ፣ የጨመራችሁትን መቀነስ አይቻልምና። ደግሞ ወተቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ፤ አብሮ ከፈላ ሽታው በእንፋሎቱ ይሄዳል። ማር ጠብ ብታደርጉበት ያምርበታል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። ከአበባ ሻጭ የተገዛ ጽጌረዳ፣ ከሠርግ ወይም ከምረቃ የተረፈ እቅፍ፣ በምንም መልኩ ወተት ውስጥ እንዳይገባ። አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ትልቋ አበባ ላኪ ናት፤ በዝዋይና በሆለታ የሚመረተው ጽጌረዳ ግን ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም። የሚረጨው መድኃኒት የሚለካው ሰው ይበላዋል ተብሎ አይደለም፤ ማጠብም ሁሉንም አያስለቅቅም። እንዲሁም ነጭና መዓዛማ የሆነ ሁሉ ያስሚን አይደለም። በየግቢው ለውበት የሚተከለው፣ ቁልቁል እንደ ደወል የሚንጠለጠለው ትልቅ አበባ የአጠፋሪስ ዘመድ ነው፤ መርዛማ ነው። ስሙን በእርግጠኝነት የማታውቁትን አበባ ለልጅ ወተት አታቅርቡ።

ከርከዴም በስሕተት ወደ ወተት ሲገባ አይተናል። ከርከዴ ግሩም የኢፍጣር መጠጥ ነው፣ ነገር ግን ኮምጣጣ ነው፤ ወተት ሲያገኝ ያረጋዋል። ለየብቻ ይጠጡ።

ይህ ሁሉ ወተቱ ወተት ከሆነ ነው። ጁገል ወተት የሚያገኘው ከግንቡ ውጭ ካለው ገበሬ ነው። በማለዳ በኤረር በርና በፈላና በር በኩል ወተት ይዘው የሚገቡት የኦሮሞ እናቶች፣ ከባቢሌ አቅጣጫ የሚመጣው የግመል ወተት፣ የከተማችን ጉሮሮ ናቸው። በረመዳን ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ አንዳንዱም ውኃ ይቀላቅላል። እኛም በተራችን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዘን እንቀመጣለን። ከደንበኛ ጋር የሚሠራ ሰው ግን ያን ያህል አይቸገርም። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ከአንዲት ባለወተት ጋር ለወሩ ሙሉ ተነጋግሮ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤት በአንድነት ተዋውሎ፣ ከፊሉን ቀድሞ መክፈል ለእሷም መተማመኛ ነው፤ ለእኛም ያልቀጠነ ወተት። ለሐዘንና ለሠርግ የምንሰባሰብበት አፎቻችን ለዚህ ቢያገለግል ምን ይለዋል? የወሩ ሽሮፕ የሚፈጀው ገንዘብ ወደዚያ ቢዞር፣ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ይልቅ በበራችን የምታልፍ እናት ታገኘዋለች።

ጥሬ ወተት በባህላችን የሚወደድ መሆኑን እናውቃለን፣ የግመሉን በተለይ። ዕቃውን በወይራ ማጠንም ወተቱን ጥሩ ሽታ ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። ሆኖም ጭስ ማፍላትን አይተካም። ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ የሚተላለፉት ባልፈላ ወተት ነው። ሆጃ ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ነው፤ ወተቱ ሳይፈላ ሆጃ አይሆንም።

ሆጃ ለምን እየራቀን እንደሄደ ስናስብ ጥፋቱን ለልጆች ብቻ መስጠት አንወድም። በሐረርጌ ገጠር ቡናው ለጫት ቦታውን እየለቀቀ ነው። አሸር ከቤት ጓሮ የሚዘገን ሳይሆን ከገበያ የሚፈለግ ሆነ። በኩል ለምድጃውም ጊዜ የሚሰጥ ጠፋ፤ ግማሽ ሰዓት የሚፈላ ነገር ከአንድ ማንኪያ ሽሮፕ ጋር መወዳደር አይችልም። እናት ከሥራ ገብታ ሳምቡሳ እየጠበሰች፣ ሾርባ እያማሰለች፣ ሆጃም ትደርስ ዘንድ መጠበቅ ግፍ ነው። በርተን ገለባውን የሴቶች መጠጥ ቢለውም ማፍላቱ የሴቶች ብቻ ይሁን ያለ የለም። በርተን በመዘገበው ዘመን ወንዶቹ የራሳቸው ቁጢ ነበራቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ነደባው ላይ ተጋድሞ መግሪብን የሚጠብቅ ጎረምሳ አሸር አንጓሎ ድስት መጣድ ይችላል። አባቶችም እንዲሁ። ልጆች ደግሞ የሠሩትን ነገር አይንቁም፤ ቅርንፉዱ አበባ መሆኑን ያየ ልጅ ሆጃውን ሳይቀምስ አያልፍም።

የከተማችን ሆቴሎችና ምግብ ቤቶችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ረመዳን ካለቀና ስድስቱ የሸዋል ጾም ከተፈጸመ በኋላ ሸዋል ዒድ ይመጣል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የጁገል ግንብም ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዳ ይጎርፋል። ጅብ ሲመገብ ያያል፣ ለገጣሚው ራምቦ መታሰቢያ የሆነውን ቤት ይጎበኛል፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ያሰፋል። ሲደክመው ቁጭ ብሎ የሚቀርብለት በክር የታሰረ የሻይ ከረጢት ነው። ሆጃ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ «እሱ የቤት ነው» የሚል መልስ ያገኛል። የቤት መሆኑ እኮ ነው ዋጋው።

የአሸር ገበያ በሸዋል ዒድ ሰሞን ስለሚጨናነቅ አሁኑኑ ለሁለቱም የሚበቃ ገዝታችሁ፣ አሙቃችሁ፣ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አኑሩት። በየቀኑ የሚሻለው ዘዴ አሸሩንና ቅመሙን ከዐስር በኋላ አፍልቶና አጥልሎ ያለ ወተት ፔርሙዝ ውስጥ ማቆየት ነው። ወተቱን በአዛን ሰዓት ለኢፍጣር ብቻ የሚበቃውን አፍልታችሁ ትቀላቅላላችሁ፤ ለሱሑርም እንዲሁ አዲስ ወተት። ወተት የገባበት ሆጃ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ፔርሙዝ ውስጥ ካደረ ይበላሻል፤ የተረፈ ካለ ከተራዊሕ ለሚመለሱት ጎረቤቶች አድርሱት።